ሥር ፍለጋ በዓመት ፈቃድ

ተናደናል።

ንዴታችን ከካሜራ ጋር የተያያዘ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው እንያዘው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ይዘውት የተሰደዱ፣ ወይም እዚያው ባሕር ማዶ የተወለደ አንድ ልጅ አለ እንበል። ካሜራ ይማራል። ይጎብዛል። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምግብ ቤት፣ የሰው ማስታወቂያ ሲያነሳ ይኖርና አንድ ቀን «አሁንስ የራሴን ሥራ ልሥራ፤ ሥሬን ልፈልግ» ይላል። እሰየው! ከዚህ የበለጠ ምን ደስ የሚል ነገር አለ? ትኬቱን ይቆርጣል፣ ቦሌ ይወርዳል፣ አክስቱ ዶሮ ሠርታ ትጠብቀዋለች፣ አንድ ሌሊት ያድራል። በማግሥቱስ? በማግሥቱማ ወደ ኦሞ ሸለቆ!

አባቱ የኦሞ ሰው ነው እንዴ? አይደለም፤ አባቱ የካዛንቺስ ልጅ ነው። እናቱ ደግሞ የፒያሳ። ልጁ ኦሞ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም፣ የአካባቢውን አንዱንም ቋንቋ አይሰማም፣ የሚያርፈውም ቱሪስት በሚያርፍበት ሎጅ ነው። ግን «ሥሬ» ብሎ የሙርሲዋ ሴት ፊት ላይ ካሜራውን ይደቅናል። ከዚያ ላሊበላ፤ ነጠላ፣ ጧፍ፣ ከጨለማ ውስጥ ብቅ የሚሉ መነኩሴ። ከዚያ አዲስ አበባ ሲመለስ አንድ የተሸበሸበ እጅ ከጀበና ጋር። ሁለት ሳምንት አለቀ፤ ፈቃዱም አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ ከተማው ውስጥ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ርዕሱን እንገምት? «ሥር»፣ «መመለስ»፣ «ወደ ቤት»… ከሦስቱ አንዱ ነው፤ እንወራረድ። የአሮጊቷ ፎቶ ግርጌ ላይ ደግሞ «ሴት፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል። ስም የላቸውም፣ ሰፈር የላቸውም፣ የልጅ ልጅ የላቸውም። አገር ብቻ አላቸው።

ይህን ልጅ አንድ ሰው አታድርጉት። ብዙ ነው፤ ወንድም አለበት ሴትም አለችበት። ስም የማንጠራውም ለዚህ ነው።

የምንሟገተው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሥር ማለት የሚታወቅ ሰው ነው። ስም ያለው፣ በር ያለው፣ ያለፈውን የሚነግርህ፣ አንተንም «የት ጠፍተህ ከረምክ?» ብሎ የሚወቅስህ ሰው ነው። ወቀሳ የሌለበት ቦታ ላይ ዘመድ የለም። ማንም በማይወቅስህ መንደር ቆመህ «ቤቴ ገባሁ» ካልክ፣ ያደረግከው ጉብኝት ነው። ጉብኝት ነውር የለበትም፤ እኛም ገንዘብ ሲገኝ እንጎበኛለን። ጉብኝትን «ሥር» የሚል ታርጋ ለጥፎ መሸጥ ግን ነውር አለበት።

ጊዜ የቆመበት አገር የለም

የነዚህ ፎቶዎች ትልቁ ማባበያ «ዘመን ያልነካው» የሚለው ቃል ነው። እስቲ ሁለቱን ተወዳጅ ቦታዎች እንያቸው።

ኦሞ። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ ሰዎች ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ፣ በረጠበው ዳርቻ ላይ ማሽላ እየዘሩ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ። ያ ዓመታዊ ሙላት ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኩራዝ የስኳር ፕሮጀክት ለሸንኮራ አገዳ ብሎ ሰፊ መሬት ወስዷል። ግድቡን ደግፉት፣ ተቃወሙት፤ የዛሬ ክርክራችን እሱ አይደለም። የኛ ጥያቄ፦ የአንድን ሕዝብ እርሻና ግጦሽ ከሥሩ የቀየረ ነገር ፎቶው ላይ የት ገባ? የለም! ፎቶው ላይ ያለችው የከንፈር ሸክላ ያደረገች ሴት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ከልጁ ትበልጣለች። ቱሪስት በተነሳ ፎቶ ቁጥር እንደሚከፍል ታውቃለች፤ ምን ዓይነት ጌጥ እንደሚወድም ታውቃለችና ጨመር አድርጋ ትቆማለች። ሥራ ላይ ናት። ልጁ «የጥንት ማንነቴ» እያለ የሚያነሳው የሥራ ሰዓቷን ነው።

ላሊበላ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ቱሪስቱን አስቀረው። በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። አስጎብኚው፣ አስተናጋጁ፣ ጫማ ጠባቂው ሁሉ ያችን ዓመት ኖሯታል። እሱን ብትጠይቁት ስንት ነገር ያወራችኋል! የሥር ፈላጊው ካሜራ ግን ሲደርስ አስጎብኚውን «እባክህ ከፎቶው ውጣልኝ» ይለዋል። ጂንስ ለብሷላ! ጂንስ የለበሰ ሰው «ዘመን ያልነካው» የሚለውን ያበላሻል።

እናም ዘመን ያልነካው የሚባለው አገር የሚገኘው እንዴት እንደሆነ አያችሁ? ዘመን የነካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ከፎቶው በማስወጣት ነው።

ቁስሉን እናውቀዋለን

አሁን «እናንተ ምን አለባችሁ፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ልክ ነው፤ የተሰደደ ሰው ቁስል አለው፤ አንክድም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ምስል ዓለምን አዳረሰ። ያ ምስል እህል አስመጥቷል፣ ነፍስ አድኗል። ግን ሌላም ነገር አድርጓል። በዚያ ዘመን ለንደን፣ ቶሮንቶ ወይ ዋሽንግተን ትምህርት ቤት የገባ አበሻ ልጅ ሁሉ አገሩ በዚያ አንድ ምስል ተተረጎመበት። ምሳ ዕቃውን ሲከፍት «እናንተ አገር ምግብ አለ እንዴ?» ተብሏል። ይህን ከአጎቶቻችንና ከአክስቶቻችን ልጆች ስንቴ ሰምተነዋል! እንዲህ የተሰደበ ልጅ አድጎ ካሜራ ሲይዝ «ቆንጆ ቆንጆውን ላሳያቸው» ቢል አንፈርድበትም።

ግን የተራበው ሕፃንና ያጌጠችው የሙርሲ ሴት ተቃራኒ እንዳይመስሏችሁ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ስም የላቸውም። ሁለቱም አይናገሩም። ሁለቱም የሚታዩት ባልተገኙበት አዳራሽ ነው። አንዱ ያሳዝናል፣ አንዷ ታስደምማለች፤ በዚያ በፈረንጅ ከተማ የሚቆመው ተመልካች ግን ከሁለቱም ጋር ሊያወራ አይችልም። ስድብን በጌጥ መመለስ እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ በነበሩበት ይቆያሉ፣ የሚለወጠው የተመልካቹ ስሜት ነው።

እስቲ አንዲት ሴት እንይ

«ታዲያ የተሰደደ ፎቶ አንሺ ምን ይሥራ?» ለሚል መልሱ በሰው አለ። አይዳ ሙሉነህ።

አይዳ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ከአገር ወጥታ በየመንና በእንግሊዝ አደገች፣ ቆጵሮስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፣ ቤተሰቧ በ1985 ካናዳ ሰፈረ። በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ ፊልም ነው ያጠናችው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠራች። እንግዲህ ከላይ ያልነው ልጅ ማለት ናት፤ ሻንጣውም፣ ካሜራውም፣ ናፍቆቱም አላት። በ2007 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በባማኮው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ቢያናሌ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። ሽልማቱን ይዛ መመለስ ትችል ነበር። ተቀመጠች። አስተማረች፤ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ዝግጅት ሆኖ በ2018 አምስተኛው ተደረገ። የዚህ ከተማ ወጣት ፎቶ አንሺ ሥራውን ከዓለም ፎቶ አንሺዎች ሥራ አጠገብ ሰቅሎ ያየው፣ ያውም ቪዛ ሳይለምን እዚሁ ከተማው ውስጥ ሆኖ፣ በዚህ ዝግጅት ነው።

አሁን ወደ ፎቶዎቿ እንምጣ፤ ክርክሩ እዚያ ነውና። ፊታቸውን ነጭ ወይ ሰማያዊ የተቀቡ ሴቶች፣ ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን። «ይህ ደግሞ የማን ባህል ነው? የቱ አገር ነው እንዲህ የሚለበሰው?» ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። ምላሻችን፦ የትም! ፎቶውም የትም ነው አይልም። ልዩነቱ ይኼ ነው። አይዳ ስትፈጥር «ፈጠርኩ» ትላለች፤ ያኛው ልጅ ፈጥሮ «አገኘሁ» ይላል። የአይዳን ሴት ያየ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ሰማያዊ ፊት አለው ብሎ አይሄድም። ዘመን ያልነካውን ላሊበላ ያየ ግን አምኖ ይሄዳል።

ሥሩስ የት አለ? እ.ኤ.አ. በ2016 የሠራችውን ተከታታይ ሥራ ርዕስ ተመልከቱ፦ «ዓለም ዘጠኝ ናት»። አያቷ ደጋግመው ይሉት የነበረ አባባል ነው፤ ከዘጠኝ አልፋ አሥር አትሞላም፣ ሁሌ አንድ ነገር ይጎድላታል ለማለት። እኛም ቤት አያት ትለዋለች፣ የናንተም ቤት። አያችሁ? ሥሯን ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። ጆሮዋ ውስጥ የቀረውን የአያቷን ድምፅ ነው ያነሳችው። ቀለሞቿ ከየት መጡ ብትሉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሄዳችሁ እዩ፤ ያ ትልቅ ዓይን፣ ያ ቀይና ሰማያዊ እዚያ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ከነቄሱ ሳታነሳ ቀለሙን ተማረችበት።

«ለውኃ እጦት ዘመቻ ስትሠራስ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው ድርጅት አፋር ወርዳ ዳሎል ላይ አነሳች። ውኃ ቀጂ ሴቶች ናቸው ጉዳዩ። የተሰነጠቀ ከንፈርና ዝንብ ያረፈበት ፊት ግን የለም። ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ደማቅ የለበሱ ሴቶች፣ የውኃ ዕቃ፣ ጨውና ሰማይ። ችግሩ አልተደበቀም፤ ችግረኛዋ ግን አልተዋረደችም። በ2022 ደግሞ «እኔ ያለሁት እዚህ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ሥራዋ ርዕሱን ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ወስዶ በኒውዮርክ፣ በቦስተን፣ በቺካጎና በኮትዲቯር የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ተሰቀለ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው መግቢያ ሳይከፍል ያያል።

«እሷም እኮ ሄዳለች፣ አቢጃን ነው የምትኖረው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ አቢጃን ተዛውራለች። እኛ መች እግሯን እንሰር አልን? ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። የምንቆጥረው ትቶት የሄደውን ነው። እሷ ስትሄድ የተማረ ሰውና የለመደ ተመልካች ትታለች። ያኛው ልጅ ሲሄድ የተወው «ፎቶውን እልክልዎታለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው። አሮጊቷ እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ።

ስደተኛ ፎቶ አንሺ ማነው?

በነገራችን ላይ፣ «ስደተኛ ፎቶ አንሺ» ሲባል ለምን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ይታየናል?

የዚህች አገር የፎቶ ታሪክ ራሱ በስደተኛ ነው የተጻፈው። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ልጆቹ ወረሱት። እዚሁ ኖሩ። አንስተው የሄዱ ሳይሆን አንስተው የቀሩ ነበሩ።

በተቃራኒው ደግሞ አቶ ሽመልስ ደስታን አስቡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ደርግም መጥቶ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ለንደን ሲሰደዱ ኔጋቲቮቻቸውን አልጣሉም። ምስሎቹ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የታዩት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አስቡት፤ አገሩን በፊልም ጠቅልሎ ሃያ ዓመት ያቆየ ሰው! ይህ ሰው ሥሩን ሊፈልግ ላሊበላ መሄድ ያስፈልገዋል? ሥሩ ሻንጣው ውስጥ ነበር።

ሦስተኛዋን ደግሞ ማንም ፎቶ አንሺ አይላትም። ከቤይሩት ወይ ከሪያድ የተመለሰችው ልጅ። ስልኳን ክፈቱት፤ የሰው ማድ ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የአንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳ፣ ጓደኛዋ በረንዳ ላይ በድብቅ ቡና ስታፈላ፣ ራሷ በመስተዋት ውስጥ። ሦስት ዓመት በካፋላ ሥርዓት ፓስፖርቷ አሠሪ እጅ ተይዞ ያነሳችው ነው። ለእናቷ የላከችው ግን የሳቀችበትን ብቻ! ከዚህ የበለጠ ስለ ስደት የሚናገር የፎቶ ሥራ የት አለ? ማንም ኤግዚቢሽን አልከፈተላትም። ስልኩ ሲሰበር ሥራዋ አብሮ ይጠፋል። «ሥር ፍለጋ» የሚባለው ክብር የሚሰጠው የውጭ ፓስፖርት ላለው ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ የሥር ሳይሆን የፓስፖርት ነው።

ሥሩ እየተነቀለ እኮ ነው!

አሁን ወደሚያቃጥለን ነገር። የዚያ ልጅ አባት የካዛንቺስ፣ እናቱ የፒያሳ ናቸው ብለናል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሪደር ልማቱ መጀመሪያ ፒያሳ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ። ሰዉ ከከተማ ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ተበተነ። መንገዱ ያማረለት አለ፣ ቤቱን ያጣም አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። ስለ ፎቶ ግን ይህን እንበል፦ ያ ልጅ ሙርሲ ዘንድ በሄደበት ሳምንት፣ አያቱ ቡና ያፈሉበት ግቢ በር እየተነቀለ ነበር። የአባቱን ልጅነት የሚያውቁ ጎረቤቶች ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ እየጫኑ ነበር። ዕድራቸው ሊበተን ነበር። ማን አነሳቸው?

ሰው ቤቱን ሲለቅ ምን እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ? አልበም ይጠፋል። ያ ወፍራም አልበም፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪደርስ ከፈንዲሻው ጋር የሚቀርበው። ፎቶ ቤት ሄደው፣ ከተሳለው መጋረጃ ፊት ቆመው፣ ሰዓት ተውሰው የተነሱት ጥቁርና ነጭ። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት። ግማሹ እኮ ለተሰደደ ሰው ሊላክ የተነሳ ነው! የአዲስ አበባ ሰዎችን የድሮ የቤት ፎቶዎች ሰብስቦ በ2018 መጽሐፍ ያደረገው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ምን ያህል ሀብት በየመሳቢያው እንዳለ አሳይቶናል። አንድ መጽሐፍ ግን ስንት ቤት ይደርሳል?

ወንድማችን፣ እህታችን፤ ሥር ከፈለጋችሁ ያንን አልበም ክፈቱ። አክስታችሁ ዶሮ ሠርታ ስትጠብቅ አንድ ሌሊት ሳይሆን አንድ ወር እደሩ። «ይቺ ማናት? ይኼስ?» በሉ። አንዳንዱ ላይ ዝም ትላለች። የምትስቅበትም ይኖራል፣ «እሱን ተወው» የምትለውም። እዚያ «ተወው» ያለችው ላይ ነው ሥሩ። ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ፣ አባታችሁ ለምን ሳይሰናበት ሄደ… ኦሞ ሸለቆ ያለችው ሴት ይህን ልትነግራችሁ አትችልም። አክስታችሁ ትችላለች፤ ግን ዕድሜዋ እየገፋ ነው።

ደግሞ ወላጆቻችሁ እዚያ የሚኖሩትስ? አባታችሁ ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ዓመት የነዳው ታክሲ፣ እናታችሁ እንጀራ የምትጋግርበት ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ለቅሶ የሚደረስበት ተከራይ አዳራሽ… ይኼ ሥር አይደለም ያላችሁ ማነው? ለፈረንጁ ተመልካች አያምርም ይሆናል። ሥሩ የማን ነበር?

የአገር ቤቱንም ጉድ እንንገር

ዲያስፖራውን ብቻ ወቅሰን አንሄድም፤ እዚህም ጉድ አለ።

አንደኛ፣ «ገጽታ ግንባታ» የሚባል በሽታ አለ። ባለሥልጣኑ ፎቶ ሲባል የሚያውቀው ፏፏቴ፣ ግድብና ፈገግታ ነው። ከዚያ ውጭ ያነሳ ሁሉ አገር አሰዳቢ ነው። የኮሪደሩን መብራት ብታነሳ ተባረክ፤ የፈረሰውን ቤት ብታነሳ «ማን ፈቀደልህ?» ትባላለህ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሕንፃ አታንሱ ሲል ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ አያውቅም፤ የላከውም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ከውጭ ለመጣ መስገድ። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ በየቀኑ የሚያነሳ ልጅ የዚያ የሁለት ሳምንት እንግዳ ቦርሳ ተሸካሚና አስተርጓሚ ይሆናል። መንገዱን የሚያሳየው እሱ፣ ሰውን የሚያግባባው እሱ፤ ኤግዚቢሽኑ ላይ «ምስጋና» እንኳን አይደርሰውም። ይህ ልጅ አይችልም እንዳትሉን። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኛ በስልኩ እያነሳ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ሽልማት አግኝቷል። እሱ ሥር ፍለጋ አልወጣም፤ መንገድ ላይ ነው የወጣው። ሙሉጌታ አየነ በ2019 የ157 ሰው ሕይወት የጠፋበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋ ተከትሎ የሐዘንተኞችን ለቅሶ ያነሳበት ሥራ በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ተሸልሟል። አፈሩን ፊታቸው ላይ የሚበትኑ እናቶችን ለማንሳት ለቅሶ መቀመጥን ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ሁለት ሳምንት አያስተምርም።

እንግዲህ እንደራደር

ስሜታችንን ተወጥተናል፤ አሁን ደግሞ ቁም ነገር። «ሥሬን» ብሎ ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምንጠይቀው ዕዳ አራት ነው።

1. ስም። የአንድን ሰው ፊት ወስደህ ስሙን ትተህ አትሂድ። ሰውየው ስሜ አይጻፍ ካለ መብቱ ነው፤ አንተ ሳትጠይቅ ከቀረህ ግን ንቀት ነው።

2. ፎቶውን መልስ። በወረቀት ታትሞ፣ እጃቸው ላይ። «እልካለሁ» የሚባለውን ቃል አገሩ ጠግቦታል። አሥር ሰው ማድረስ ካልቻልክ አሥር ሰው አታንሳ።

3. መጀመሪያ እዚህ አሳይ። ሥሩ እዚህ ከሆነ የመጀመሪያው ተመልካችም እዚህ ነው። መግለጫውም በአማርኛ ወይም ሰዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ይጻፍ። ስለነሱ የተጻፈውን ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ያሉበት ኤግዚቢሽን ሐሜት ነው።

4. ከቤትህ ጀምር። አክስት፣ አልበም፣ ሰፈር፣ ዕድር። እሱን ጨርሰህ ኦሞ ብትሄድ እንግዳ መሆንህን አውቀህ ትሄዳለህ፤ እንግድነቱን ያወቀ እንግዳ ደግሞ የትም ይከበራል።

ከባድ ነው? አዎ ከባድ ነው። ዘመድ መሆን መች ቀላል ነበር? ዘመድ ለቅሶ ይደርሳል፣ ብድር ይጠየቃል፣ ይኮረፋል፣ ይታረቃል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ይሰጣል፤ ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል። አክስትህ ጓዳ የሚያስገባ ካርድ ግን ማንም አያትምም።

ስለዚህ ኑ። ከልባችን ነው፤ ኑ። በሩ ክፍት ነው፤ ገና ያልፈረሰው በር ማለታችን ነው። ግን ስትመጡ የመልስ ትኬታችሁን ቀን ትንሽ ገፋ አድርጉት።

ቸር እንሰንብት።